ባዶ ሳህን አይመለስም

ቡሄ እንዴት አለፈ? እኛ ሰፈር የጅራፍ ድምፅ አልሰማንም። ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች እስከ ኮንዶሚኒየማችን በር ድረስ መጥተው ነበር፤ ጥበቃው ግን «ነዋሪ ያልሆነ አይገባም» ብሎ መለሳቸው። ማን እንዳዘዘው ብጠይቀው «ኮሚቴው ነው» አለኝ። የኮሚቴውን ሰብሳቢ ብጠይቃቸው «እኛ እንዲህ አላልንም» አሉኝ። ብቻ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ሄደዋል።

ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ ልወጣ ስል ከሕንፃችን ሥር ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። ከፊት ለፊቴ ያለው ቤት ባለቤት እናቱ ማረፋቸውን የሰማሁት ያኔ ነው። እናቱ አብረውት ይኖሩ እንደነበርም የሰማሁት ያኔ ነው። አራት ዓመት በር ለበር ኖረናል። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ደረጃውን የወጣሁት አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሳቤ እየደጋገመ ወደ ህንድ ይሄድብኛል። ሁለት ዓመት በኖርኩበት በዚያ አገር ከእኔ ጋር ሃይማኖትም ቋንቋም የማይጋሩ ሰዎች ጎረቤት ምን እንደሆነ አስተምረውኛል። ያስተማሩኝም በበዓላቸው ነው። ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት ሦስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ሆነን ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ፑኔ ገባን። ፑኔ በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት የምትገኝ የተማሪ ከተማ ናት። የተከራየነው አራት ፎቅ ባለው አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር። ፊት ለፊታችን ጡረታ የወጡ መምህርት ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ሁሉም ሰው «ካኩ» ይላቸዋል። ካኩ በማራቲ ቋንቋ የአጎት ሚስት ማለት ነው፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው ለትልቅ ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። እኛም ካኩ አልናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በራችንን ዘግተን አሳለፍን። በዚያ ክረምት ከተማዋ በኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ተጨንቃ ስለነበር ሰውም እርስ በርሱ ይፈራራ ነበር። ጥቅምት ላይ ዲዋሊ ደረሰ። ዲዋሊ የብርሃን በዓል ነው። በብዙ የህንድ ክፍሎች እንደሚተረከው፣ ራማ የተባለው ንጉሥ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ወደ አገሩ አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ መብራት አብርቶ የተቀበለበት ቀን ነው። በየደጃፉ ትንንሽ የሸክላ ኩራዞች ይደረደራሉ። ሴቶች ደጃፋቸውን ጠርገው በባለቀለም ዱቄት ያማረ ሥዕል ይሥሉበታል፤ ራንጎሊ ይባላል። እኛ ለበዓል ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው ማለት ነው። በማሃራሽትራ ደግሞ ልጆች በግቢው ውስጥ ከጭቃና ከድንጋይ የጥንት ንጉሣቸውን የሺቫጂን ምሽግ ይሠራሉ። የሕንፃችን ልጆች ለአንድ ሳምንት ያህል ጭቃ ሲያቦኩ፣ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ ከመስኮት ሆነን አየናቸው።

በዓሉ የዋለ ዕለት በራችን ተንኳኳ። ካኩ ናቸው። በብረት ሳህን ፋራል የሚሉትን የበዓል ምግብ ይዘዋል፦ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ቻክሊ፣ የተድበለበለ ላዱ፣ ሳምቡሳ የሚመስልና ውስጡ ኮኮናት ያለበት ካራንጂ፣ እንደ ቆሎ የሚዘገን ቅይጥ። ከላይ በጨርቅ ተሸፍኗል። አመስግነን ተቀበልን፤ በልተን ጨረስን። በማግስቱ ሳህኑን በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ ካኩን አንኳኩቼ መለስኩላቸው። ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። ምራታቸው ግን ሳህኑን አየችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

የነገረችን የክፍላችን ልጅ ናት። «የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ምንም ባይኖርሽ አንድ ጭብጥ ስኳር ታደርጊበታለሽ» አለችኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአገራቸውን ወግ ባለማወቄ አልነበረም የተሰማኝ። እናቴ ትዝ ብላኝ ነው። እናቴም የጎረቤት ዕቃ ባዶውን መልሳ አታውቅም። እንቁላል ሁለት፣ ሎሚ ሦስት፣ ካጣች ከጓሮ ጤና አዳም ቆርጣ ትሰድ ነበር። ሳህኑን ይዤ የምሮጠው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ወጉን አውቀው ነበር፤ ሰው አገር ስገባ ጥዬው ገባሁ።

ዓመቱ ዞሮ መስከረም 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ደረሰ። ያ ቅዳሜ ልዩ ቀን ነበር። ለእኛ እንቁጣጣሽ ነው። ለሂንዱዎቹ የጋኔሽ በዓል የሚጀመርበት ዕለት ነው። ለህንድ ሙስሊሞች ደግሞ ኢድ አልፈጥር ሆኖ ዋለ። እንዲህ መገጣጠሙ ዘወትር የሚሆን አይደለም። የእኛ አቆጣጠር በፀሐይ ስለሆነ ቀኑ አይነቃነቅም። የሂንዱዎቹ በጨረቃ ሆኖ ከፀሐይ ጋር እንዲስማማ በሦስት ዓመት አንዴ ገደማ አንድ ወር ይጨመርበታል። የሙስሊሞቹ በጨረቃ ብቻ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። ሦስቱ አቆጣጠሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ደረጃ ላይ ተገናኙ።

ስለ ጋኔሽ በዓል ትንሽ ልንገራችሁ። ጋኔሽ የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱዎች አምላክ ነው። በዓሉ ድሮ በአብዛኛው በየቤቱ የሚከበር ነበር። አደባባይ ከማውጣቱ ጋር ስሙ የሚነሳው ባል ጋንጋዳር ቲላክ የተባለው የነፃነት ታጋይ ነው። አገሩ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ፣ ሕዝቡ በየሰፈሩ ተሰባስቦ በጋራ እንዲያከብረው ቀሰቀሰ። የተጀመረውም እዚያው ፑኔ ነው። ዛሬ በየመንደሩ ማኅበር አለ፤ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ዳስ ይተከላል። በአሥረኛው ቀን ገደማ ምስሉ በከበሮ ታጅቦ ወደ ውኃ ይወርዳል። በፑኔ አምስት የከበሩ ምስሎች በተራ ይሄዳሉ፤ ካስባ ጋንፓቲ የሚባለው ይቀድማል። የከተማው ሰልፍ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከ24 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከበሮ የሚመቱት ወጣቶች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ለሳምንታት ሲለማመዱ ይከርማሉ።

የእኛ ሕንፃም የራሱ ትንሽ ዳስ ነበረው፤ የራሱ ጠብም ነበረው። አንድ ወር ሲቀረው የነዋሪዎች ማኅበሩ ጸሐፊ ደረሰኝ ይዞ በየበሩ መዞር ጀመረ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ «አምና የተዋጣው ምን ላይ እንደዋለ ሳይነገረኝ ሰባራ ሳንቲም አልሰጥም» አሉ። ደረጃው ላይ ጩኸት ሆነ። እኛ በሩን ገርበብ አድርገን እናዳምጣለን። «አለቀለት፤ ዘንድሮ በዓል የለም» አልን። በማግስቱ ግን ጸሐፊው የአምናውን ሒሳብ በእጁ ጽፎ ደረጃው ሥር ለጠፈው፤ ለአበባ ይህን ያህል፣ ለመብራት ይህን ያህል፣ ለከበሮ ይህን ያህል። ጡረተኛው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ግማሹን ከፈሉ። የዳሱ መብራት ደግሞ ከእሳቸው መስኮት በወረደ ገመድ በራ። ግማሹን አልተጠየቁም።

ያን ቀን ነው አንድ ነገር የገባኝ። ሰዎቹን ያቀራረባቸው ዕለቱ ብቻ አልነበረም። ከዕለቱ በፊት ያለው ሥራ ነው፤ መዋጮው፣ ክርክሩ፣ «ወንበር ማን ያመጣል» የሚለው። በዓሉ ሲመጣ እነሱ ቀድመው ተዋውቀዋል።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ካኩ መጡ። በሳህናቸው ሞዳክ አለ፤ ከሩዝ ዱቄት የተሠራ፣ ኮኮናትና የሸንኮራ ስኳር የተሞላ፣ በእንፋሎት የበሰለ። ለጋኔሽ ከቀረበው የተረፈ ነው። እኔ ደግሞ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ምን ልበል? ልቀበልና ልጣለው? እሳቸውን ማታለል ሆነብኝ።

«ካኩ፣ እንዳይቀየሙኝ» አልኳቸው። «በእኛ እምነት ለሌላ አምላክ የቀረበ ምግብ አንበላም።»

ዝም ብለው አዩኝ። ልቤ መታ። ቀጥለው «ቤታ፣ ይህን ለመናገር አንድ ዓመት ጠበቅሽ?» አሉኝ። ቤታ ልጄ ማለት ነው። «እኔስ ከሰው ቤት ሥጋ የነካው ድስት ያለበትን አልበላም፤ አንቺ ተቀይመሽ ታውቂያለሽ? በይ ነይ፣ ሻይ ጠጪ። ሻይ ለማንም አልቀረበም።»

እኛም በተራችን አሰብን። ካኩ ሥጋም እንቁላልም አይበሉም፤ በዚያ ቀን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይነኩም። ዶሮ ወጡ ቀረ፤ ሽሮውም ቀረ። አዲስ መጥበሻ ገዝተን አምባሻ ጋገርን። ከአገር ቤት የመጣችውን የመጨረሻ ቡናችንን ቆላን። ጭሱ ደረጃውን ሲሞላው በሮች መከፈት ጀመሩ። ምድር ቤት ያሉት ሙስሊም ቤተሰብ ለኢድ የሚሠሩትን፣ ወተትና ቴምር ያለበትን የፓስታ ጣፋጭ በጎድጓዳ ሳህን ላኩልን። ካኩ ቡናውን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመሩና ጨረሱት። የዲዋሊውን ሳህን ዕዳ በአምባሻ ከፈልኩ። ያን ቀን ከሦስት ቤት የወጣ ሳህን በአንድ ደረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ፤ ማንም የማንንም አምላክ አልነካም።

አሁን ሁሉንም አሳምሬ እንዳልነግራችሁ። የድምፅ ማጉያው እኩለ ሌሊት ድረስ ጆሮ ይበሳል፤ የታመመና የሚያጠና አያስብም። ከጄሶ የሚሠሩት ምስሎች ውኃ ውስጥ ስለማይሟሙ ወንዙን ይጎዳሉ፤ ለዚህም ነው ከተማው ለብቻ የውኃ ገንዳ የሚያዘጋጀውና ከሸክላ አፈር የሚሠሩት የሚመከሩት። መዋጮ በግድ የሚጠየቅበት ሰፈርም አለ። በዓል ያለበት ሁሉ ፍቅር አለ ማለት አይደለም፤ በዚያች አገር በዓል የጠብ ምክንያት ሆኖም ያውቃል። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንድ ደረጃና ስለ ስምንት በር ነው።

ስለ ኬራላም አንድ ልጨምር። ድሮ በየትምህርት ቤቱ ያስተምሩን ከነበሩት ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ግዛት ነው። ከኬራላ የመጣች የክፍላችን ልጅ ኦርቶዶክስ ነበረች፤ የእሷ ቤተ ክርስቲያንና የእኛ እህትማማቾች ናቸው። እነሱ ኦናም የሚባል የመከር በዓል አላቸው። ደጃፍ ላይ በአበባ ምንጣፍ የሚመስል ሥዕል ይሠራሉ፤ ከ20 በላይ ዓይነት ምግብ በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀርባል፤ ሁሉም በረድፍ ተቀምጦ ይበላል። በዓሉ ከሂንዱዎች ታሪክ የመጣ ቢሆንም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያከብረዋል። «ለምን?» ብዬ ብጠይቃት «ጎረቤቴ እያከበረ እኔ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ።

እንግዲህ ወደ ኮንዶሚኒየማችን ልመለስ። እኛ ከማንም የምንበደረው ወግ የለም። ዕድር የእኛ ነው፤ ማኅበር የእኛ ነው፤ ቡናው የእኛ ነው። ችግሩ ወጉን ከድሮ ሰፈራችን ስንወጣ ዕቃ ጭነን እሱን ረስተነው መምጣታችን ነው። እኔ ፑኔ ላይ እንዳደረግኩት።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ለቡሄ ሙልሙል ጋገርኩና በሳህን አድርጌ፣ በጨርቅ ሸፍኜ፣ ልጄን አስከትዬ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ። እናቱ ያረፉበት ጎረቤቴ በሩን በትንሹ ከፈተ።

«የመዋጮ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ የቡሄ ነው» አልኩት።

ሳህኑን አየ። ዝም አለ። «እማዬ ትጋግር ነበር» አለኝ ቆይቶ። ከዚያ በላይ አላወራንም። ሳህኑን ተቀበለኝና በሩ ተዘጋ።

ይህን ስጽፍላችሁ ሳህኔ ገና አልተመለሰም። ለእንቁጣጣሽ ቡና ልጠራው አስቤያለሁ፤ ኮሚቴውንም በመጪው መስከረም ደመራ በጋራ እንድናቆም ልጠይቅ ነው፤ ሒሳቡንም ደረጃው ሥር ለመለጠፍ ፈቃደኛ ነኝ። ሳህኑ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም። ባዶውን ቢመጣም አልቀየምም። እኔም አንድ ጊዜ ባዶ መልሼ አውቃለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።