ድሩ የሚያብረው አንበሳው ሳይመጣ ነው

ሰሞኑን እዚሁ ፌስቡክ ላይ "አውሮፓውያን ስለሚዋደዱ ተባብረው ኮሮናን ተሻገሩት፣ እኛ ግን ..." የሚል ነገር ደጋግሜ አነበብኩ። ከቀድሞ ተማሪዎቼም ሼር ያደረጋችሁት አላችሁ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የተባበሩት ስለሚዋደዱ አይደለም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ጭራሽ አልተባበሩም ነበር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ማርች 2020ን አስታውሱ። ጣሊያን ጭንቅ ላይ ነበረች። ከቤርጋሞ አስከሬን የጫኑ የወታደር መኪኖች ተሰልፈው ሲወጡ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ጣሊያን በአውሮፓ ኅብረት የአደጋ ጊዜ መረዳጃ ሥርዓት በኩል "ማስክ ላኩልኝ" ብላ ጠይቃ ነበር። ጎረቤቶቿ ምን አደረጉ? ፈረንሳይ አገር ውስጥ ያለውን ማስክ መንግሥት እንዲረከበው አዘዘች፤ ጀርመን ደግሞ የመከላከያ ቁሳቁስ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች። ማርች 12 ሮም ላይ ዕቃና ባለሙያ ይዞ ያረፈው አውሮፕላን ከፓሪስ ወይም ከበርሊን አልነበረም የመጣው፣ ከቻይና ነው። ልብ በሉ፣ በአንድ ገንዘብ የሚገበያዩ፣ በመካከላቸው ኬላ ያነሱ አገሮች ናቸው እንግዲህ!

ማርች ሳያልቅ ግን ነገሩ መለወጥ ጀመረ። የጀርመን ወታደራዊ አውሮፕላን ከቤርጋሞ በጠና የታመሙ ሰዎችን ወስዶ ጀርመን አሳከመ። ትንሿ ሉክሰምበርግ ሳትቀር ከፈረንሳይ በሽተኞች ተቀበለች። በኤፕሪል የኅብረቱ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን የአውሮፓ ፓርላማ ፊት ቆመው ጣሊያንን ይቅርታ ጠየቁ።

ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ክትባቱ ላይ ነው። ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ሕዝብ ያላት ማልታ ብቻዋን ከግዙፍ የመድኃኒት ኩባንያ ጋር ልደራደር ብትል ማን ይሰማታል? ጀርመንና ፈረንሳይስ እርስ በርስ ዋጋ ቢጫረቱ ማን ነው የሚከብረው? ኩባንያው ነዋ! ስለዚህ 27ቱ አገሮች በኮሚሽኑ በኩል አንድ ላይ ተዋዋሉ፣ ክትባቱንም በሕዝብ ብዛት ተከፋፈሉ። ዲሴምበር 2020 መጨረሻ ላይ አብዛኞቹ በተቀራራቢ ቀናት መከተብ ጀመሩ። እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ከእንግሊዝ ዘግይተዋል፣ ከአስትራዜኒካ ጋር ፍርድ ቤት ቆመዋል፣ ሃንጋሪም ከመሀል ወጥታ የሩሲያና የቻይና ክትባት ለብቻዋ ገዝታለች። ቢሆንም ትንሹ አገር ከትልቁ እኩል ደርሶታል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1851 ኮሌራ ሲያስጨንቃቸው 12 አገሮች ፓሪስ ላይ ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ አገር አንድ ሐኪምና አንድ ዲፕሎማት ላከ። ሐኪሞቹ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል አይተላለፍም ብለው ተከራከሩ፣ ዲፕሎማቶቹ ደግሞ መርከብ ለይቶ ማቆየት ንግዳችንን ይጎዳል አሉ። የመጀመሪያው በሥራ ላይ የዋለ ስምምነት የተፈረመው መቼ መሰላችሁ? በ1892፣ ቬኒስ ላይ። 41 ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮሌራው ስብሰባው እስኪያልቅ አልጠበቀም።

እኛ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እንላለን። ጥሩ ተረት ነው። የምንረሳው ግን ድሩ አንበሳው ከመጣ በኋላ እንደማይፈተል ነው። አውሮፓውያን በ2020 የገባቸው ይሄ ይመስለኛል። ከሳርስ በኋላ በ2005 ሥራ የጀመረ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠር ማዕከል ስቶክሆልም አላቸው፣ ነገር ግን የማማከር እንጂ የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። ሆስፒታልና በጀት የየአገሩ ነው። በ2021 ለድንገተኛ ጊዜ መድኃኒትና ቁሳቁስ አስቀድሞ የሚያዘጋጅ አዲስ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፣ በ2022 ደግሞ ኅብረቱ ራሱ የጤና አደጋ ጊዜ ማወጅ የሚችልበትን ሕግ አወጡ። ፍቅር ጨመረ ማለት አይደለም፤ በጭንቅ ቀን ማን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ተጻፈ ማለት ነው።

ካሜራ የማይቀርጸው ትብብርም አለ። አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው ጀርሞች በአውሮፓ በየዓመቱ ከ35,000 በላይ ሰው እንደሚገድሉ ያው ማዕከል ይገምታል። ችግሩ ግሪክና ጣሊያን ላይ ይብሳል፣ ኔዘርላንድና ስዊድን ላይ ይቀላል። ጀርሙ ግን ከበሽተኛው ጋር ድንበር ይሻገራል። ለዚህ ነው ከብት ለማፋፋት አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ መጨመርን ከ2006 ጀምሮ በመላ ኅብረቱ የከለከሉት።

አሁን ደግሞ መራራውን እንነጋገር። ያ ሁሉ ትብብር አጥራቸው ጋ ሲደርስ ቆሟል። ማርች 2021 ላይ ጣሊያን ወደ አውስትራሊያ ሊሄድ የነበረ 250,000 ዶዝ አስቆመች፣ በኅብረቱም ሕግ ተፈቅዶላት ነው። እርግጥ ለኮቫክስ ገንዘብ ሰጥተዋል። ነገር ግን የክትባት የፈጠራ መብት ለጊዜው ይነሳ ሲባል ዋና ተቃዋሚ ነበሩ። በዚያው ማርች ለእኛ በኮቫክስ የገባልን የመጀመሪያ ክትባት 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ነው፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ።

ስለዚህ የእነሱን "ፍቅር" እያደነቅን አንቁለጭለጭ፣ ተሳድበንም አንለፍ። የሚቀዳው አሠራሩ ነው። የአፍሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠር ማዕከል እኮ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አፍሪካ አገሮችም በ2021 ክትባት በጋራ ለመግዛት ተዋውለው ነበር። መጥፎ ጅምር አይደለም። የሚቀጥለው በሽታ ሲመጣ ግን ጎረቤቶቻችን ድንበር ዘግተው ማስክ ይደብቃሉ ወይስ ይልኩልናል? እኛስ እንልካለን? መልሱ መጻፍ ያለበት ዛሬ፣ ማንም ሳይታመም ነው።

አውሮፓ ያላችሁ ልጆቼ፣ በተለይ ሆስፒታል የምትሠሩ፣ ያኔ ከውስጥ ሆናችሁ ያያችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልን። የማትስማሙም ተከራከሩኝ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታደርጉት።