ዳኛው «17 ቀን» ካሉ 17 ቀን ነው!

ነገሩ የቀን ቆጠራ ነው። ኦሃዮ፣ አሜሪካ ውስጥ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት የታሰረ ቦውልስ የሚባል ሰው እስራቴ ሕገ ወጥ ነው ሲል ለፌዴራል ፍርድ ቤት አመለከተ። እኛ «አካልን ነፃ የማውጣት» የምንለው አቤቱታ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ውድቅ ተደረገበት። የይግባኙ ጊዜም አለፈ። ጊዜው እንደገና ይከፈትልኝ ብሎ ሲጠይቅ ግን ዳኛው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2004 ፈቀዱለት፤ እስከ ፌብሩዋሪ 27 አቅርብ ብለውም በጽሑፍ አዘዙ። ሰውየው ቀኑ እስኪሞላ እንኳ አልጠበቀም፤ በ26 አስገባ።

ችግሩ ሕጉ 14 ቀን እንጂ 17 አይልም። ዳኛው ሦስት ቀን ለምን እንደጨመሩ አላብራሩም። ቦውልስ በዳኛው አቆጣጠር አንድ ቀን ቀድሟል፣ በሕጉ አቆጣጠር ሁለት ቀን ዘግይቷል።

ታዲያ በስህተቱ ማን ይቀጣ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 14 ቀን 2007 በ5 ለ4 ድምፅ መለሰ፦ እስረኛው!

የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ክላረንስ ቶማስ ናቸው። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቀኑን የወሰነው ኮንግረስ ስለሆነ የፍርድ ቤት ሥልጣን ጉዳይ ነው፤ ዳኛ ሊያራዝመው አይችልም፤ ሕጉ ከከበዳችሁ ኮንግረስን ጠይቁ። እውነት ለመናገር ክርክሩ ተራ አይደለም። ዳኛ ሕግ አውጪ እንዳይሆን እኔም እፈልጋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ዳኛ ያሳሳተውን ባለጉዳይ የሚታደግ የራሱ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከ1962 ጀምሮ ነበር። ያን ዕለት ሻሩት። የሻሩት ኮንግረስ ስላዘዛቸው አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው የሻሩት።

ይባስ ብሎ የውሳኔው የግርጌ ማስታወሻ አለ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የሞት ፍርደኛ አቤቱታውን አንድ ቀን አሳልፎ በማቅረቡ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መለሰበት፤ ሰውየው ኤፕሪል 26 ቀን 2007 ተገደለ። ይህን የጻፉት በሐዘን እንዳይመስላችሁ። ይኸው፣ በሞት ጉዳይ እንኳ ቀን አናራዝምም ለማለት ነው! እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን ነገር በማስረጃነት ለማቅረብ አፍር ነበር።

የተቃውሞውን ሐሳብ የጻፉት ዴቪድ ሱተር ሰው የዳኛን ትዕዛዝ አምኖ ስለሠራ ሊቀጣ አይገባም አሉ። ጠበቃው ራሱ ቀኑን መቁጠር ነበረበት የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ጠበቃ የዳኛን ፊርማ ካላመነ ማንን ሊያምን ነው? ጠበቃ የሌለው እስረኛስ? ክፍሉ ውስጥ ያለችው ብቸኛ ወረቀት ያቺው ትዕዛዝ ናት።

በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትንሽ ለስለስ ብሏል። ከእስር ቤት ወደ ሌላ ቦታ በመዛወሩ ውሳኔው ዘግይቶ የደረሰው አንድ እስረኛ ጊዜው እንደገና ከመከፈቱ በፊት ያስገባው የይግባኝ ማስታወቂያ ይበቃዋል፣ ሁለተኛ አይጠየቅም ተብሎ ተወስኗል። ደግ ነው። ግን ያ የቀደመ ሰው ጉዳይ ነው። ዳኛ ያዘገየው ሰው ዛሬም የቦውልስ ውሳኔ ይጠብቀዋል፤ ኮንግረስም ቶማስ ጠይቁት ያሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ሕጉ ላይ አልጨመረም፦ ዳኛ በጽሑፍ የሰጠው ቀን ባለጉዳዩን አይጎዳም።