ካርትሪጆቹን ፎርማት ከማድረጋችን በፊት

ሰሞኑን በኮምፒዩተር ተማሮች ዘንድ አንድ ሐሳብ ሲዘዋወር እንሰማለን። ይኸውም በየትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ለብሰው የተቀመጡት የዚፕ ካርትሪጆች ይውጡና ሁሉም ባንድ ጊዜ ፎርማት ተደርገው ለዩኒክስ ትምህርት መለማመጃ ይሁኑ የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞችና እኅቶች በቅን ልቡና እንዳሰቡት አልጠራጠርም። በመጽሐፍ ያነበበውን በእጁ ያልሠራ ተማሪ ምን ተማረ ይባላል? እስከዚህ ድረስ አብረን ነን። ነገር ግን «ሁሉም ባንድ ጊዜ» የሚለው ቃል አላስደሰተኝም። ምክንያቴን ለተማሮችና ለመምህራን ላቀርብ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ «ፎርማት» የሚለውን ቃል ራሱን እንመርምረው። በአፋችን አንድ ቃል ይሁን እንጂ በሥራ ላይ ሦስት ልዩ ልዩ ነገር ነው። አንደኛው የዲስኩን ገጽ በትራክና በሴክተር ለይቶ ምልክት ማድረግ ነው። ሁለተኛው ወሰን መትከል ነው፤ ማለት ዲስኩን ከዚህ እስከዚህ ለዚህ ሥራ፥ ከዚያ ወዲያ ለዚያ ሥራ ብሎ መከፋፈል። ሦስተኛው በተከፈለው ቦታ ላይ የፋይል ሥርዓት መሥራት ነው። በዊንዶውስ ያደገ ተማሪ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ሁሉንም የሠራ ይመስለዋል። በሊኑክስ ግን ወሰን የሚተከለው በኤፍዲስክ ነው፤ የፋይል ሥርዓት የሚሠራው ደግሞ በኤምኬኤፍኤስ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም። የመጀመሪያውን ሥራ በተመለከተ፥ በዚፕ ላይ የራስጌውን መንገድ የሚመሩት ምልክቶች የተጻፉት በፋብሪካ ስለሆነ ማናችንም መልሰን ልንጽፋቸው አንችልም። «በማግኔት እናጽዳው» የሚል ብልኅ ቢነሣ ካርትሪጁ ከዚያ ወዲያ የፕላስቲክ ቁራጭ መሆኑን ይወቅ።

ወሰን መትከል ለዩኒክስ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ስድስተኛው የዩኒክስ እትም በፒዲፒ 11 ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ፥ አርኬ05 በሚባለው ተነቃይ የዲስክ ካርትሪጅ ላይ ይቀመጥ ነበር። ያ ካርትሪጅ 203 ሲሊንደር፥ ሁለት ገጽ፥ በየትራኩ 12 ሴክተር ነበረው። ቢባዛ 4,872 ብሎክ ይሆናል። እያንዳንዱ ብሎክ 512 ባይት ስለሆነ በጠቅላላው 2.5 ሚሊዮን ባይት አይሞላም፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ትበልጣለች። ሰዎቹ ግን በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ወሰን ተከሉ። 4,000 ብሎክ ለፋይል ሥርዓት ተሰጠ፤ የቀረው 872 ብሎክ ደግሞ የኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ሲጠብ ፕሮግራሞች ለጊዜው ወጥተው የሚቆዩበት የስዋፕ ቦታ ሆነ።

ልብ በሉ! ይህ ወሰን በካርትሪጁ ላይ የተጻፈ አልነበረም። ቁጥሮቹ የተቀመጡት በዩኒክሱ ማደራጃ ፋይል ውስጥ ነው። አንድ ሰው 4,000 ማለት ሲገባው 4,872 ብሎ የፋይል ሥርዓት ቢሠራ፥ ማሽኑ ምንም አይናገርም፤ ፋይሎቹ እየበዙ ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ግን ስዋፑ በላያቸው ይጽፍባቸዋል። ካርትሪጁን ወደ ሌላ ቦታ የወሰደ ሰውም ወሰኑን የሚያውቅለት ሌላ ሰው መጠየቅ ነበረበት። ወሰኑ በሰው ትዝታ ብቻ የሚታወቅ መሬት መጨረሻው ምን እንደሆነ ለአገራችን ሰው መንገር አያስፈልግም።

ወደ ዚፕ እንመለስ። አይኦሜጋ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያስተዋወቀው ባለ 100 ሜጋባይት ካርትሪጅ 196,608 ሴክተር፥ ማለት 100,663,296 ባይት ይይዛል። ለፒሲ ተዘጋጅቶ የተሸጠው የወሰን ሰንጠረዥ በመጀመሪያው ሴክተር ላይ አለው። ሰንጠረዡ አራት መስመር ሲኖረው፥ ፋብሪካው ያለውን ብቸኛ ክፍል ያሰፈረው በአራተኛው መስመር ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ባዶ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሮች ይሰናከላሉ። አንዱ ተነሥቶ በልማድ ኤስዲቢ1 ብሎ ይጠይቃል፤ ሊኑክስም እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሎ ይመልሳል። ተማሪውም «ዲስኩ ባዶ ነው» ወይም «ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርድና ፎርማት ያደርገዋል። ኤስዲቢ4 ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ፋይሎቹን በሙሉ ባገኛቸው ነበር። ሁሉም ባንድ ጊዜ ይደምሰስ ሲባል የምፈራው ይህንኑ ነው። ባዶ ነው ብሎ የሚመሰክረው ማን ነው? በምንስ አይቶ ነው?

በነገራችን ላይ ኤስዲኤና ኤስዲቢ በሚባሉት ስሞች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቆዩት መምሪያዎች ዚፑን ኤስዲኤ ብለው ይጠሩታል፤ በዛሬው ኮምፒዩተር ግን ኤስዲኤ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የራሱ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት መጠኑን ተመልከቱ። መቶ ሚሊዮን ባይት ያህል ካልሆነ እጃችሁን አንሡ።

ከዩኒክስ ወዳጆች መካከል ደግሞ የወሰን ሰንጠረዥ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ካርትሪጁ ባለ አንድ ክፍል ከሆነ በቀጥታ በጠቅላላው ዲስክ ላይ የፋይል ሥርዓት ይሠራ፤ ዩኒክስ አይቃወምም ይላሉ። እውነት ነው፥ አይቃወምም። ነገር ግን ያ ካርትሪጅ ነገ በዊንዶውስ ማሽን ውስጥ ቢገባ፥ ማሽኑ ዲስኩ ፎርማት እንዳልተደረገ ተናግሮ አሁን ይደረግ እንደሆነ ይጠይቃል። ችኩል ሰው «አዎን» ይላል። የብዙ ወር ድካም በዚያች ቃል ይጠፋል። ሰንጠረዡ ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ ያስቀራል አልልም፤ አያስቀርም። ሆኖም ዲስኩን በኤፍዲስክ ለሚመረምር ሰው፥ እዚህ ቦታ ላይ የሊኑክስ ክፍል አለ ብሎ የሚነግረው ምስክር ይሆናል። ዋጋው ስንት ነው? በዚፕ ላይ የሚባክነው 32 ሴክተር፥ ማለት 16 ኪሎባይት ብቻ ነው። ይህን ለመቆጠብ ብለው የሚከራከሩት ሰዎች፥ የኢኤክስቲ2 የፋይል ሥርዓት ካልከለከሉት በቀር ከመቶ አምስቱን ለአስተዳዳሪው እንደሚያስቀር ይረሳሉ። በዚፕ ላይ ይህ ወደ 4,900 ኪሎባይት ይጠጋል! ቁጠባ የሚወድ ሰው ከዚያ ይጀምር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በነዚያ ካርትሪጆች ውስጥ ያለው ምንድር ነው? ከኛ በፊት የነበሩ ተማሮች የምርምር ሥራ ነው። የታተመው ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍት ይገኝ ይሆናል፤ ጽሑፉ የተመሠረተበት የመለኪያ መዝገብና የቃለ መጠይቅ ቅጂ ግን ከካርትሪጁ በቀር የትም ላይኖር ይችላል። ባለቤቶቹ ዛሬ በየአገሩ ተበትነዋል። ማን ጠይቆ ያስፈቅዳቸዋል? አንዳንዶች «ይህን ያህል ዘመን ያልፈለጉት ነገር አይጠቅማቸውም» ይላሉ። የሚያነብበው ድራይቭ ስለጠፋ ነው እንጂ ስላልተፈለገ መሆኑን በምን አወቁ?

ደግሞም ተማሪ ወሰን መትከልን ለመለማመድ የሌላውን ሥራ መደምሰስ አያስፈልገውም። ካርትሪጁ በዲዲ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ፋይል ይገለበጥ። አራተኛው ክፍል ብቻ ሳይሆን ሰንጠረዡ ጭምር እንዲገኝ የሚገለበጠው ጠቅላላው ዲስክ ነው። እንዲህ ያለው ቅጂ በዛሬዋ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ከ300 በላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ሊኑክስ ፋይሉን እንደ ዲስክ አድርጎ ስለሚቀበል፥ ተማሪው በቅጂው ቅጂ ላይ ኤፍዲስክንም ኤምኬኤፍኤስንም እስኪጠግብ ይለማመድ፤ ቢያበላሽ እንደገና ይገልብጥ። ከእውነተኛው ካርትሪጅ ጋር መታገል ሌላ ነው የሚል ቢኖር እስማማለሁ። ሳያወርዱ መንቀል የሚያመጣውን ጉዳት ፋይል አያስተምርም። ለዚያ ግን ተገልብጠው ያለቁትና ባለቤት እንደሌላቸው የተረጋገጡት ጥቂቶች ይበቃሉ።

አንድ ነገር ይቀራል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድራይቭ ካርትሪጁን ያበላሻል፤ የተበላሸውም ካርትሪጅ በተራው ሌላውን ድራይቭ ያበላሻል። ስለዚህ አንድ ካርትሪጅ ያንን ድምፅ ካሰማ ለብቻው ይቀመጥ፤ «እስቲ በዚህኛው እንሞክረው» እያሉ ከድራይቭ ድራይቭ ማዞር ይከልከል። የሚሻለው ድራይቭ ባለ 750 ሜጋባይቱ ነው። እርሱ ባለ 100ውን ካርትሪጅ ያነባል እንጂ በላዩ ሊጽፍበት አይችልም፤ ለሌላ ሥራ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው ይህ ጠባይ ለኛ ሥራ የሚስማማ ነው። በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ድራይቭ ያለው መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር ለጥቂት ሳምንታት ያውሰን። እስከዚያው ድረስ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ካለበት እጅ አይውጣ።