የዶሮን ዘር ስለ መጠበቅ

በአገራችን ዶሮ ያለበት የገበሬ ቤት ብዙ ነው። የበዓሉ ወጥ፤ የእንግዳው መቀበያ፤ የባለቤቲቱም የጨውና የበርበሬ መግዣ የሚገኘው ከእርስዋ ነው። ነገር ግን በሬውን ወይም በቅሎውን ሲገዛ ወገኑ ከየት እንደሆነ አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው፤ ዶሮ ሲገዛ የሚመለከተው የላባዋን መልክ ብቻ ነው። ይህ ልማድ ያለውን ጥቅምና የሚያመጣውን ጉዳት ዛሬ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናስረዳ ወደናል።

የላባ መልክ ከንቱ ነገር ነው አንልም። ሕዝባችን ቀይ፤ ነጭ፤ ጥቁር፤ ገብስማ፤ ወሰራ፤ ዥግርማ እያለ ለየመልኩ ስም ማውጣቱ ዓይኑ የሠለጠነ መሆኑን ያሳያል። በበዓል ዋዜማም ቀዩ አውራ ዶሮ ከጥቁሩ የበለጠ ዋጋ እንደሚያወጣ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። በውጭ አገርም ቢሆን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1845 በለንደን ከተማ የዶሮ ትርኢት ተደርጎ ነበር፤ በ1874ም አሜሪካኖች የየዘሩን መልክና ቁመና የሚወስን መጽሐፍ አሳትመው፤ እስከ ዛሬ እያረሙ ይሠሩበታል።

መልክም እንዲያው በዘፈቀደ አይመጣም፤ ሕግ አለው። እንግሊዛዊው ሊቅ ዊሊያም ቤትሰን በ1902 ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘው የውርስ ሕግ በእንስሳም ላይ እንደሚሠራ ያስረዳው በዶሮ ነው። ለምሳሌ አንዳሉስያ የምትባለውን አመድማ ዶሮ እንመልከት። አመድማው አውራ ከአመድማዪቱ እናት ጋራ ቢገናኝ፤ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች በአማካይ ከ4ቱ 1 ጥቁር፤ 2 አመድማ፤ 1 ደግሞ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ይሆናል። ስለዚህ አመድማውን ብቻ እየመረጠ የሚያረባ ሰው በየዓመቱ ግማሹ ሌላ መልክ እየወጣበት ይደክማል። ጥቁሩን ከዚያ ነጭ ጋራ ያገናኘ ሰው ግን፤ እርሱ ንቆ የሚያርደው መልክ የፈለገውን ይሰጠዋል፤ ጫጩቶቹ ሁሉ አመድማ ይሆኑለታልና። ከዚህም የምንረዳው የተናቀው መልክ እንኳ በመንጋው ውስጥ ሥራ እንዳለው ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው አርቢው መልክ ለማጥራት ሲል አንድ ያማረ አውራ መርጦ ለሴቶቹ ሁሉ አባት ሲያደርገው፤ በከርሞውም ያንኑ አውራ ከልጆቹ ጋራ ሲያገናኘው ነው። እኛ ልጅ ስንድር ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቈጥራል፤ ለዶሮ ግን አንድ ቤት እንኳ የሚቈጥርላት የለም። ከአባትና ከልጅ ወይም ከወንድምና ከእኅት የተወለደ ጫጩት ከዘሩ ከ100 እጅ 25ቱ ከሁለቱም ወላጆቹ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገናኝበታል ተብሎ ይገመታል። በዚያን ጊዜ በአያቶቹ ተሸፍኖ የኖረው ድካም ይገለጣል፤ እንቁላሉ ሳይፈለፈል ይቀራል፤ ጫጩቱ ይመነምናል፤ በሽታ ሲገባም መንጋው በአንድነት ይወድቃል።

የመንጋው ብዛትም ሊያታልለን አይገባም። 1 አውራ ከ50 እናቶች ጋራ ቢኖር 51 ዶሮ ሆኖ ይታያል፤ የዘሩ ስፋት ሲሰላ ግን ወንዱና ሴቱ እኩል ከሆነ ከ4 ዶሮ መንጋ አይበልጥም። ለእነዚያው ለ50 እናቶች 5 አውራ ቢመደብላቸው ስፋቱ ወደ 18 ይደርሳል። የሚወለደው ሁሉ ከውርሱ እኩሌታውን የሚያገኘው ከአባት ወገን ስለሆነ፤ የአባቶች ማነስ በእናቶች ብዛት አይካስም።

መድኃኒቱ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አርቢው መንጋውን በ3 ቤት ይክፈል። ቄቦቹ በተወለዱበት ቤት ይቅሩ፤ ወጣቶቹ አውራዎች ግን በየዓመቱ ከአንደኛው ቤት ወደ ሁለተኛው፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፤ ከሦስተኛው ወደ አንደኛው ይሻገሩ። በየእግራቸው ምልክት ይሰርላቸው፤ አባትና እናታቸው በመዝገብ ይጻፍ። ሲመረጥም አስቀድሞ ጤናው፤ ቀጥሎ እንቁላሉና ክብደቱ፤ በመጨረሻ መልኩ ይታይ።

ይህ ነገር የአንድ አርቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድን የመሳሰሉ የውጭ ዘሮች ወደ አገራችን ገብተዋል። እንቁላላቸው ብዙ ስለሆነ መግባታቸውን አንነቅፍም። የምንነቅፈው የውጭው አውራ የት እንደ ተሰጠና ከማን ጋራ እንደ ተዳቀለ ሳይመዘገብ በየመንደሩ መበተኑን ነው። ያገር ቤቷ ዶሮ እንቁላሏ ጥቂት ቢሆንም ራስዋ ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ምግቧን ጭራ ታገኛለች፤ ጫጩቶቿን ከጭልፊት ትሸሽጋለች። አንገቷ ላባ የሌለባት መላጣይቱም ሙቀትን ትችላለች። ይህ ጠባይ በቅልቅል ብዛት ከጠፋ በኋላ በገንዘብ አይገዛም። በ2008 የወጣ አንድ የሊቃውንት ጥናት ለንግድ የሚረቡት ዘሮች ከጥንት ወገኖቻቸው የዘር ልዩነት ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ማጣታቸውን ገልጧል። የባሰ በሽታ ቢመጣ መድኃኒቱን የምንፈልገው ከቀረው ከየመንደሩ ዘር ነው።

ያገሩ ዘር አይሻሻልም የሚሉ አሉ። ነገር ግን በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2008 የሆሮን ዶሮ ዘር ይዞ በየትውልዱ መምረጥ ከተጀመረ ወዲህ፤ የውጭ ደም ሳይጨመርበት ክብደቱም እንቁላሉም አድጓል። ስለዚህ የጐደለን ምርጫና መዝገብ እንጂ ዘር አይደለም።

እንግዲህ የግብርና ሹማምንት አውራ ሲያድሉ ለማን፤ ከየትኛው አባት የተወለደውን እንደ ሰጡ ይመዝግቡ፤ ለአንድ መንደር የአንድ አባት ልጆችን ብቻ አይስጡ፤ በየአውራጃውም ያገሩ ዘር ሳይቀላቀል የሚጠበቅበትን ሥፍራ ይለዩ። ካህናትም በየደብሩ ትውልድ ቈጥረው ጋብቻን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸውና፤ ለገበሬው ይህን ነገር ከእነርሱ የተሻለ የሚያስረዳው የለም። ያማረውን ላባ እንውደድ፤ ነገር ግን አውራውን ከማስገባታችን በፊት አባቱ ማን እንደሆነ እንጠይቅ።