የተራራው መንገድ በቀየሱት ሰዎች ስም ይመዝገብ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2015 እስከ 2025 እንዲያገለግል የወጣው የዘላቂ ቱሪዝም ማስተር ፕላን ዘመኑ አብቅቷል። በምትኩ የሚመጣው ዕቅድ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ለመገመት ያለፉትን ዓመታት ዜና ማስታወስ ይበቃል። ሀላላ ኬላ፣ ወንጪ፣ ጎርጎራ፣ ጨበራ ጩርጩራ፤ በየተራ ሪባን ተቆርጧል፣ ሎጅ ተመርቋል፣ ንግግር ተደርጓል። በንግግሮቹ የአካባቢው ማኅበረሰብ ተጠቃሚ እንደሚሆን ሳይነገር የታለፈበት ጊዜ ያለ አይመስለንም። ማኅበረሰቡ ራሱ ቀይሶ፣ ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ሲያስተዳድራቸው ስለኖሩት የተራራ የእግር መንገዶች ግን ሲነሳ አንሰማም። ይህ ዝምታ አስግቶናል።

የምንናገረው በተለይ ስለ መቄትና ስለ ላስታ ነው። ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሁሉ የመቄትን አምባ ያውቀዋል። በ1966ቱም በ1977ቱም ድርቅ ክፉኛ የተጎዳ፣ ዛሬም ድረስ ብዙ አባወራ በሴፍቲኔት የሚደገፍበት ደጋ ነው። የዚህ አገር ገበሬዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ነገር ጀመሩ። «ተስፋ» በሚል ስም የሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ጅምር ሲመጣ፣ ገደል አፋፍ ላይ በራሳቸው ድንጋይ፣ በራሳቸው ጭቃና ሣር ክዳን የእንግዳ ጎጆዎች ሠሩ። ከመቋት ማርያም ተነስቶ ወደ ዋጀላ፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ መንደሮች የሚያደርስ የእግር መንገድ አያያዙ። ሥራው ወደ ላስታ ተሻግሮ ከ4200 ሜትር በላይ ከፍታ እስካለው እስከ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ዘለቀ። መንገዱ አዲስ የተጠረገ አይደለም፤ ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ሲኬድበት የኖረ ነው። አዲሱ ነገር ገበሬዎቹ ይህንን የዕለት መንገዳቸውን ቆጥረው፣ መርጠውና አገጣጥመው የብዙ ቀን ጉዞ ማድረጋቸው ነው።

አሠራሩን ያወቀ ሰው የሚያደንቀው ልከኝነቱን ነው። በአንድ ሥፍራ በአንድ ሌሊት የሚያድሩት እንግዶች ከስድስት አይበልጡም። ጓዙን የሚሸከሙት የመንደሩ አህዮች ናቸው፤ በማግሥቱ ደግሞ የቀጣዩ መንደር አህዮች ይረከባሉ። ወጥ ሠሪዋ፣ ጥበቃው፣ ጫኙና መንገድ መሪው ከዚያው ከመንደሩ ሰው ናቸው። እንግዳው ከሚከፍለው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው እዚያው ተራራው ላይ ይቀራል። ዶላር ከውጭ የሚያስገባ፣ ስሚንቶ የማይጠይቅ፣ ዝናብ ቢጠፋ እንኳ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ነው። በየዓመቱ የዕርዳታ እህል የሚጫንለት ወረዳ ለራሱ የፈጠረው መተዳደሪያ ነውና እንዲህ በቀላሉ ከአገር ዕቅድ ውጭ ሲሆን ዝም ብለን ማየት አንችልም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የደረሰበትን አንባቢ ያውቃል። ኮሮና፣ ከዚያም በጥቅምት 2013 የተቀሰቀሰው ጦርነት፣ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ላሊበላና አካባቢዋ የጦር ግንባር መሆናቸው። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ሲፈረም እንግዳ ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የጸጥታው ጉዳይ ከጋዜጣ ዓምድ በላይ እንደሆነ እንረዳለን፤ እንዴት እንደሚፈታም የሚመለከታቸው ወገኖች ሁሉ ከልብ ያስቡበታል ብለን እናምናለን። የእኛ ጭንቀት ሰላም የወረደ ዕለት ተራራው ላይ ማን ይቆያል የሚለው ነው። የሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ ካልታደሰ ያፈሳል፤ ያፈሰሰ ጎጆ ደግሞ ግድግዳው ይፈርሳል። በዳገት ላይ ያለ የእግር መንገድ የውኃ መውረጃው ካልተጠረገ ሁለትና ሦስት ክረምት ቦረቦር ያደርገዋል። እንግሊዝኛ የለመደው፣ ወፉንና ጭላዳውን በስሙ የሚጠራው ወጣት መንገድ መሪም ሥራ ሲያጣ እንደ እኩዮቹ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ማማተሩ አይቀርም። ሃያ ዓመት የተጠራቀመ ሙያ ነው አብሮት የሚሄደው።

ይህ ሁሉ ግን ሰላም ሲመጣ በሥራ ይካሳል። በሥራ የማይካሰውና በእኛ እምነት የጉዳዩ ሥር የሆነው የመሬቱ ነገር ነው። ገበሬዎቹ በሠሩት መንገድ ላይ የጽሑፍ መብት የላቸውም። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የሚያውቀው የግል፣ የወልና የመንግሥት ይዞታን ነው። አራት ቀን የሚያስኬድ መንገድ ግን በአንዱ ገበሬ የማሳ ዳር ይገባል፣ በወል ግጦሽ ያቋርጣል፣ በቤተ ክርስቲያን ደን ሥር ያልፋል፣ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ይሻገራል። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ባለይዞታ አለው፤ መንገዱ እንደ መንገድ ግን የማንም አይደለም።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከትል ማሰብ አያዳግትም። ነገ አንድ ባለሀብት መጥቶ ከመቄት አፋፍ ላይ ሁለት ሔክታር ለሎጅ ይሰጠኝ ቢል፣ ቦታው የወል ግጦሽ ነው ተብሎ ሊሰጠው ይችላል። የካሳ ሕጋችን በዋናነት የሚያሰላው በመሬቱ ላይ ያለውን ንብረትና ቋሚ ማሻሻያ ነው። ጎጆው ምናልባት ይገመት ይሆናል። አፋፉ ላይ ቆሞ የሚታየው ገደልና ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው የሚያያይዘው መስመር ግን ግምት የላቸውም፤ እንግዳው ገንዘቡን የሚከፍለው ደግሞ ለእነሱ ነው። መስመሩ በአንድ ቦታ ከተቆረጠ ከወዲያና ከወዲህ ያሉት መንደሮች ሁሉ ሥራቸው ይቆማል። አንድም ቤት ሳይፈርስባቸው፣ አንድም ሰው ሳይፈናቀል፣ በካሳ መዝገብ ላይ አንድም ስም ሳይሰፍር ሊከስሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት፣ ኢስት በርክ በምትባል ትንሽ መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ የአካባቢው ሰዎች ለተራራ ብስክሌትና ለእግር ጉዞ የሚሆን የመንገድ መረብ ዘርግተዋል። ኪንግደም ትሬይልስ ይባላል። ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን የሚያልፈው ወደ አንድ መቶ በሚጠጉ ሰዎች የግል መሬት ላይ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2019 መጨረሻ ሦስት ባለመሬቶች ብቻ ከእንግዲህ ብስክሌት በመሬታችን ላይ አያልፍም አሉ፤ ሰው የሚወደው የመረቡ ክፍል ተቆረጠና መንደሩ ሁሉ ተናወጠ። ባለመሬቶቹ በንብረታቸው ማዘዛቸው መብታቸው ነው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን የሕግ ባለሙያና የተጠናከረ ማኅበር ባለበት አገር እንኳ በመልካም ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ መንገድ እንዴት በቀላሉ እንደሚሰበር ነው። የመቄት ገበሬ ከዚህ የከፋ ቦታ ላይ ነው ያለው። እሱ የሚጠብቀው የጎረቤቱን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የቀበሌውን፣ የወረዳውንና የክልሉን ነው።

መፍትሔውን ፍለጋ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም፤ መንዝ ላይ አለ። የጓሳ ደጋ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች አባ ቄራ መርጠው ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ ይወስኑ ነበር፤ አንዳንዴ ለዓመታት ይዘጉታል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ተናጋ፤ ሰዎቹ ግን ኮሚቴ አቋቁመው ደጋቸውን ጠበቁት፣ በኋላም ክልሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ደንብ በማውጣት አወቀላቸው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ወደ ጓሳ የሚሄድ እንግዳ የሚያልፈው ባለቤቱ በሕግ በታወቀ መሬት ላይ ነው። ለጓሳ የተቻለው ለመቄትና ለአቡነ ዮሴፍ የማይቻልበትን ምክንያት የነገረን የለም።

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ለአገሪቱ ያስገኙትን ጥቅም ማቃለል አንፈልግም። መንገድ ወጥቷል፣ መብራት ገብቷል፣ ብዙ ወጣት ሥራ አግኝቷል፤ በፍጥነት መጠናቀቃቸውም ያስመሰግናል። ነገር ግን ወንጪን እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ያሰለፈው ከሎጁ ምረቃ ቀደም ብሎ ነበር። የሐይቁ ዙሪያ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው በፈረስ፣ በጀልባና በእግር እንግዳ ሲያስጎበኙ ዓመታት አስቆጥረው ነበር። በመንግሥት ፕሮጀክት የተሠራው ሁሉ የተሠራው ባለማኅበሮቹ ባስተዋወቁት ሥፍራ ላይ ነው። ይህ ታሪክ በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ በአንድ መስመር እንኳ ካልተጻፈ ማኅበረሰብ ማለት ለተመረቀ ሎጅ ዘበኛና አስተናጋጅ የሚያቀርብ ሕዝብ ማለት ብቻ ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ ያሰበው እንዲህ ያለውን ማኅበረሰብ አልነበረም።

ባለሀብት ከሌለ ቱሪዝም አያድግም የሚሉ አሉ። ባለሀብቱ ይምጣ፤ ሲመጣ ግን በመንደሩ ፈቃድና ከመንደሩ ጋር ተዋውሎ ይሁን። ከማን ጋር ይዋዋላል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚኖረው መንደሩ በመንገዱ ላይ የሚታወቅ መብት ሲኖረው ነው። የአማራ ክልል ለገበሬው የመሬት ደብተር ማደል ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልኬታውን የሚያውቅ ባለሙያ በየወረዳው አለ። መስመሩን በመሣሪያ ለክቶ፣ የሚያልፍባቸውን ባለይዞታዎች አስፈርሞ፣ በመንደሮቹ የጋራ ስም መመዝገብ የአንድ ሎጅ በረንዳ የሚያስወጣውን ያህል ወጪ አይጠይቅም። ጥገናውም ቢሆን መላ አለው። በሴፍቲኔት የሚታቀፍ ገበሬ እርከን ሲሠራና የመኪና መንገድ ሲጠርግ ክፍያ ያገኛል፤ የእግር መንገዱን የውኃ መውረጃ ሲጠርግና ድንጋዩን ሲደረድርም እንደ ሕዝባዊ ሥራ ይቆጠርለት። ይህ ከተደረገ እንግዳ በሌለባቸው በእነዚህ ክፉ ዓመታትም መንገዱ በሕይወት ይቆያል፣ መንገድ መሪውም ከቀየው አይነቀልም።

የቱሪዝም ሚኒስቴርና የክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ አዲሱን ዕቅድ ለውይይት ሲያቀርቡ ከመቄቷ ፍላቂትና ከላሊበላ የእንግዳ ጎጆዎቹን የሚያስተዳድሩ ኮሚቴዎች አባላትን እንዲጠሩ እንጠይቃለን፤ ስብሰባው ሲያበቃ ተጋባዥ ሆነው እንዲያጨበጭቡ ሳይሆን ረቂቁ ሲጻፍ በጠረጴዛው ዙሪያ እንዲቀመጡ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ በይፋ ይመለስልን። በመቋት ማርያም ያሉት የእንግዳ ጎጆዎች ያረፉበት መሬት ዛሬ በወረዳው መዝገብ ላይ በማን ስም ነው የተጻፈው?