ኮክና ገብስ በአንድ ማዕድ

በላስታ ደጋ ኮክ ሲበስል የሚበላው በቁም ነው። እረኛው ከብቱን እየነዳ ይቀጥፈዋል፣ ልጆች ከዛፉ ሥር የወደቀውን ለቅመው ኪሳቸውን ይሞላሉ፣ የተረፈውን ወፍና ትል ይጨርሰዋል። ወደ መሶቡ ዙሪያ ግን አይመጣም። አንድ ሰው ጠዋት አምስት ኮክ በልቶ «እህል ቀመስክ?» ተብሎ ቢጠየቅ «ኧረ ምንም አልቀመስኩ» ይላል፤ ይህን ሲልም አልዋሸም። በአነጋገራችንም በልማዳችንም ምግብ ማለት እህል ነው፤ ፍሬ የልጅ መደለያና የታማሚ መጠየቂያ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ፍሬ በቤተሰብ ማዕድ ላይ ቦታ እንዲያገኝ ከፈለግን ስለ ቫይታሚን ከመስበክ ይልቅ ከእህል ጋር ማጋባቱ ይሻላል እላለሁ። ለዚህም ፈረንጆች ክራምብል የሚሉት ቀላል የፍራፍሬ ጋገራ ለላስታ ማጀት የተመቸ ነው።

ክራምብል ማለት ፍርፋሪ ማለት ነው። የተከተፈ ፍሬ ከታች ይደረጋል፤ ዱቄት ከቅቤ ጋር በጣት ጫፍ እየታሸ ፍርፍር ሲል ከላይ ይነሰነስና ቡናማ እስኪሆን ይጋገራል። ማቡካት የለም፣ እርሾ የለም፣ መዳመጥ የለም። ስሙ ሲጠራ የሆቴል ቅንጦት ይመስላል እንጂ በብሪታንያ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የችግር ዘመን ነው። ያኔ ቅቤ በራሽን ይታደል ነበር፤ ድርሻው ዝቅ ባለበት ጊዜ ለአንድ ሰው በሳምንት 60 ግራም እንኳ አይሞላም ነበር። ለፓይ የሚበቃ ዱቄትና ቅቤ ያጣች እናት ያለቻትን ጥቂት ፈርፍራ በፍሬው ላይ በተነቻት። የፈረንጅና የአገር ቤት ጋብቻ ለላሊበላም እንግዳ አይደለም፤ ገደሉ ጫፍ ላይ የተሠራው ቤን አበባ ምግብ ቤት ስሙን ያገኘው በስኮትላንድ ቋንቋ ተራራ ከሚለው ቃልና ከእኛው አበባ ነው፤ የመሠረቱትም አንዲት ስኮትላንዳዊትና አንድ የአገሩ ልጅ ናቸው።

ከዱቄቱ እንጀምር። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ የቆመው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የገበሬው መተማመኛ ገብስ ነው። ገብስ እንደ ስንዴ የሚሳብ ሊጥ አይወጣውም፤ ለዳቦ ይህ ጉድለት ነው፣ ለክራምብል ግን የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ቢታሽም አይያያዝም፣ ፍርፍር እንዳለ ይቀራል። በሶ ደግሞ ከጥሬው ዱቄት ይበልጣል፤ ገብሱ ሳይፈጭ በፊት ተቆልቷልና ጥሬ ጥሬ አይልም፣ ሽታውም አብሮት ይመጣል። በሶን በቅቤ አሽታ ጭኮ የምታወጣ እጅ ለዚህ ሙያ የቀራት ነገር ቢኖር ቅቤውን መቀነስና ሳትጨምቅ በትና መተው ብቻ ነው።

ጾሙስ? ይህ ጥያቄ ቀድሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። በተለይ ኮኩም በለሱም የሚደርሱበት ክረምት ጾመ ሐዋርያትንና የነሐሴን ፍልሰታ የያዘ ነው። እንግዲህ የላስታ ክራምብል መነሻው የጾሙ ነው፤ ቅቤ ያለበት የፍስኩ ይከተላል። ዘይት እንደ ቅቤ ስለማይረጋ ፍርፋሪው አሸዋ አሸዋ እንዳይል የተወቀጠ ሰሊጥ ወይም ለውዝ ይጨመርበታል፤ ያኔ ይያያዛል፣ ሲታኘክም ይጥማል። ማጣፈጫው ማር ቢሆን ከስኳር ወጪም ያድናል። ላስታ የማር አገር ነው፤ ከተማዋ ስሙን የወረሰችው ንጉሥ እንኳ ሲወለድ በንብ መከበቡ ይተረካል።

ኦቭን የለም፣ እንጨቱም እያለቀ ነው የሚለውን መከራከሪያ ከሁሉ አስበልጬ አከብረዋለሁ። በተራቆተ ደጋ ለጣፋጭ ሲባል አንድ ቅርንጫፍ መቁረጥ ትክክል አይሆንም። ግን እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ምጣዱ ወዲያው አይበርድም፤ ያ ግለት በየጊዜው ባክኖ ይቀራል። ፍሬው በትንሽ ድስት ረመጡ ዳር ተጥዶ በራሱ ውሃ ይበስላል፤ ቀረፋ ጣል ይደረግበታል፤ ማሩ የሚገባው ሲወጣ ነው። ፍርፋሪው ለብቻው በሞቀው ምጣድ ላይ ስስ ሆኖ ተበትኖ አክንባሎ ይደፋበታል፤ ጥቂት ቆይቶ ተገልጦ ይገላበጣል፣ ሲቀላና ሲንኮሻኮሽ በፍሬው ላይ ይነሰነሳል። እንግሊዞቹ ባንድ ዕቃ የሚጋግሩትን በሁለት ከፍለነዋል ማለት ነው። እንዲያውም ፍርፋሪው የፍሬውን እንፋሎት ስለማይጠጣ ሳይርስ ይቆያል።

ፍሬ ጥሬውን ቢበላ አይሻልም ወይ? ለደረሰውና ለጤነኛው ይሻላል፤ ቫይታሚን ሲ በእሳት ይቀንሳል። ነገር ግን ኮክ የሚደርሰው ባንድ ጊዜ ነው፤ ከተቀጠፈም ብዙ ቀን አይቆይም። በረዶ ያወረደው፣ ወፍ የነካው፣ ያልለሰለሰው ሁሉ ዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ድስት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የተጎዳው በቢላ ተቆርጦ ይጣላል፣ ደህናው ይበስላል። በለስ ግን ውሃው ይበዛል፣ ዘሩም ድንጋይ ነው፤ ተጨምቆና ተጠልሎ የኮኩ ማጣፈጫ ቢሆን እንጂ ለብቻው አይሆንም። ጉዳዩ የጣዕም ብቻም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። መንግሥት መቀንጨርን ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል በላስታ ጎረቤት በዋግዋ ሰቆጣ ስም መጠራቱም በምክንያት ነው። አንድ ሳህን ክራምብል ይህን አይፈታም፤ የመቀንጨር ሥር ከውሃም፣ ከበሽታም፣ ከድህነትም ይመዘዛል። ሆኖም ከገብስና ከሽሮ ሌላ ነገር ከማዕዱ ላይ ማየት ያልለመደ ልጅ ባለበት ቤት የፍሬ መጨመር ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገሩን ሆቴሎች ቢጀምሩት ይስፋፋል የሚሉ ይኖራሉ። ላሊበላ ግን በእንግዳ ላይ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያመጣ አይታለች፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና እንግዳውን አስቀረ፣ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ገባ፣ ለሆቴል ይሸጥ የነበረው ሁሉ ገዢ አጣ። በቤተሰብ አፍ የለመደ ምግብ ግን አውሮፕላን አይጠብቅም።

የመጨረሻውና ጠንካራው ተቃውሞ ከምግብ በኋላ ጣፋጭ መብላት ልማዳችን አይደለም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ከወጥና ከእንጀራ በኋላ ሌላ ሳህን ማቅረብ እኛ ዘንድ ቦታ የለውም፣ እንዲኖረውም አልመኝም። ቦታው ሌላ ጋ ተዘጋጅቷል፤ የቡና ቁርስ ነው። ቆሎው፣ ዳቦው፣ ንፍሮው በሚቀርብበት ሰዓት ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ማንም አይቸኩልም። አቦሉ ለአዋቂዎች ሲቀዳ ልጆች ቆሎ ዘግነው ይወጣሉ፤ ቡናው የእነሱ አይደለምና። በዚያ ሰዓት ገብስ የተነሰነሰበት ትኩስ ኮክ ቢቀርብ፣ ልጁ ከዛፉ ሥር ቆሞ የሚገምጠውን ፍሬ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ በማንኪያ ይበላዋል።