አሥራ ሦስት መጽሐፍ በአሥራ ሦስት ወር

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ክትባትም አልጽፍም። ያለፈውን ዓመት ሳነብ ስለ ከረምኩት ላጫውታችሁ ነው።

ነገሩን የጀመረችው አዲስ አበባ የምትሠራው ልጄ ናት። እሷና የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ እናነባለን ተባብለው፣ ያነበቡትን እየመዘገቡ ይፎካከራሉ። «እማዬ፣ አንቺማ ጡረታ ላይ ነሽ፤ ጊዜ ሞልቶሻል» ስትለኝ ከነከነኝ። ጡረተኛ ጊዜ ሞልቶታል የሚል ሰው ጡረታ ወጥቶ የማያውቅ ነው። ደግሞም የእሷ ልጅ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ የልጅ ልጄ፣ የምትማረው አምቦ እኔ ዘንድ ሆና ነው፤ ምሳ ዕቃዋን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ቢሆንም እልህ ያዘኝና «የእኛ ዓመት 13 ወር ነው፤ እኔ 13 መጽሐፍ አነባለሁ» አልኳት። የጳጉሜው ግን ቀጭን እንዲሆን ተደራደርኩ።

አንድ ደንብም አወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነበው የኖርኩትን ዓይነት መጽሐፍ አልደግምም። መደርደሪያዬ ፊት ቆሜ ስቆጥር፣ የአዋላጅነትና የሕፃናት ሕክምና መጻሕፍት፣ የጸሎት መጻሕፍት፣ አንድ የምግብ አሠራርና ጥቂት ልብ ወለዶች ብቻ አገኘሁ። 66 ዓመት ኖሬ አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ስመላለስ ነበር ለካ።

የመስከረም ወር መጽሐፌ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሆነ። እዚህ ላይ ንስሐ ልግባ። ይህን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬአለሁ! ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው የሰማሁት ነው እንጂ ገጹን ገልጬ አላውቅም። በእድሜዬ ካሉት መካከል ብዙዎቻችሁ እንደኔ ሳትሆኑ አትቀሩም። ሬዲዮው ቆሞ አይጠብቅም፤ መጽሐፉ ግን ይጠብቃል። ጉዱ ካሳ የሚናገራቸውን ነገሮች ተመልሼ ሦስት ጊዜ ያነበብኩበት ቀን አለ። ይሁን እንጂ ወፍራሙን ማስቀደሜ ስህተት ነበር፤ ኅዳር ሲገባ ገና አንዱን መጨረሴ ነው።

ዓይኔም አስቸግሮኝ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለ ፊደል ይደበዝዛል፤ ይህ በሽታ ሳይሆን ዕድሜ ነው። ብዙዎቻችን ግን «ማንበብ ሰለቸኝ» የምንለው ዓይናችን ደክሞ ነው። መነጽር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተመርመሩ፤ በተለይ ስኳርና ግፊት ያለባችሁ። ሞራም ሆነ የዓይን ግፊት ቀድሞ ሲታወቅ ይሻላል።

ታኅሣሥ ላይ ሰፈሬን አስታውሼ ወደ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ዞርኩ። እዚሁ አጠገባችን ቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየጻፈ፣ ሼክስፒርን «ኦቴሎ» እና «ሐምሌት» ብሎ ወደ አማርኛ ያመጣ ሰው ነው። አምቦ ውስጥ ስሙን የማያውቅ የለም፤ መጽሐፉን ያነበበው ግን ስንቱ ነው? ልጄ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት «ሀ ሁ በስድስት ወር» የተሰኘውን ቴአትር ገዝታ ላከችልኝ። ቴአትር ተነቦ የሚገባኝ አይመስለኝም ነበር። በዝምታ ሳነበው በእርግጥም አልገባኝም። ቡና እያፈላሁ ጮክ ብዬ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ እየሰጠሁ ሳነበው ነው የገባኝ። የጎረቤት ሰው «ማን መጥቶ ነው የሚጨቃጨቀው?» ብሎ በሩን አንኳኳ።

ጥር ላይ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያዝኩ። በ1975 ዓ.ም. ሲታተም ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደወጡ አልተመለሱም። በዚያን ጊዜ ማንበቡ ቀርቶ ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት ያስፈራ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳይገላምጠኝ አነበብኩት።

እስከዚህ ድረስ በራሴ ተኩራርቼ ነበር። ከዚያ የካቲት መጣ።

አንድ ቀን የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። «አኮ፣ ይኼን አንብቢው ብለውኛል» አለችኝ። በእኛ አገር አያትን አኮ ነው የምንለው። ወረቀቱ በኦሮምኛ፣ በቁቤ የተጻፈ ነው። ኦሮምኛ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ቋንቋ ነው፤ ከጊንጪ እስከ ባኮ ድረስ በሠራሁባቸው ጤና ጣቢያዎች ሁሉ እናቶችን ያዋለድኩት በኦሮምኛ እያባበልኩ ነው። ትምህርቴ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአማርኛ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ የኦሮምኛ መጻፊያ ሆኖ ሲመጣ እኔ በ30ዎቹ ውስጥ ነበርኩ፤ «ይህ ለልጆቹ ነው» ብዬ አለፍኩት። ወረቀቱን አየት አደረግሁና «እሺ የኔ እናት» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማንበብ አልችልም ማለት አፍሬ ነው።

ወረቀቱ ጥሪ ነበር። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ልጆቹ የጻፉትን በወላጆች ፊት ያነቡ ነበር። የእኔዋ ልጅ ስለ እኔ ጽፋ ኖሯል። አነበበች፤ ከቤተሰቧ የተገኘ ሰው ግን አልነበረም። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሦስት ቀን በኋላ ከሌላ እናት ነው። ልጅቷን ስጠይቃት «ሥራ በዝቶብሽ ነው ብዬ ነው፣ አኮ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያስታወስኩት ሌላ ወረቀት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ አንዲት የገጠር እናት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ይዛ መጣችብኝ። የኦ አር ኤስ ፓኬት ሰጠኋትና «አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ» ብዬ በአማርኛ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ወረፋው ረጅም ነበር። ወረቀቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ «ኤዬ» ብላኝ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ብሶበት ተመለሰች። ፓኬቱን በአንዲት ብርጭቆ ውኃ ነበር የበጠበጠችው። እንደዚያ የወፈረ ውህድ ጨው ስለሚበዛበት ሕፃኑን ከማዳን ይልቅ ይበልጥ ያደርቀዋል። ፈጣሪ ይመስገን ተረፈ። ወረቀቱ አሁንም ነጠላዋ ጫፍ ላይ እንደ ተቋጠረ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ እናት በአፏ መልሳ ሳትነግረኝ አንድም መድኃኒት ሰጥቼ አልሸኘሁም። ያቺ እናት ለምን ዝም እንዳለች ግን በእውነት የገባኝ አሁን፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት በእኔ ቦርሳ ውስጥ ሲቀር ነው።

በማግስቱ የልጅ ልጄን «አስተምሪኝ» አልኳት። የመጋቢት መጽሐፌ የእሷ የአራተኛ ክፍል የኦሮምኛ መማሪያ ሆነ።

ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ይቀለዋል ትላላችሁ። ለእኔ ያሳሳተኝ እሱ ነው። በእንግሊዝኛ «ኤክስ» የምንላት ፊደል በቁቤ «ጥ» ናት፤ «ሲ» ደግሞ «ጭ»። ስለዚህ «ጨፌ» የሚለውን «ካፌ» ብዬ አነበብኩ። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከገባኝ በኋላ ግን ጥቅሙን አየሁ። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። እኛ በአማርኛ «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ይኖራል ይሁን አንባቢው ከዙሪያው ይገምታል። በኦሮምኛም «ባዳ» ሲላላ ክፉ ነው፣ ሲጠብቅ ደጋ ነው፤ በቁቤ ሲጻፍ ግን ይለያያሉ። ቋንቋውን ከተናገራችሁት ፊደሉ የሳምንታት ሥራ ነው። ጮክ ብላችሁ ስታነቡ የገዛ እናታችሁ ድምፅ ከወረቀቱ ላይ ይነሣል።

ሚያዝያና ግንቦትን ከዳባ ወዬሳ «ጎዳኒሳ» ልብ ወለድ ጋር አሳለፍኩ። ጎዳኒሳ ጠባሳ ማለት ነው። በቀን አንድ ገጽ፣ ኋላ ሁለት፣ ኋላ አራት። አንድ ቃል ሲያቅተኝ ልጅቷን እጠራለሁ፤ ቃሉን አንብባልኝ ትርጉሙ ካቃታት ደግሞ እኔ እነግራታለሁ። እሷ ፊደሉ አላት፣ እኔ የድሮው ቃል አለኝ።

በኦሮምኛ ማንበብ አዲስ ነገር እንዳልሆነም የተረዳሁት በዚሁ ሰሞን ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ ሁለቱም ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ አሳትመዋል፤ ያውም በግዕዝ ፊደል። ተረቱንና ዘፈኑን ከልጅነቷ ትዝታ እያወጣች በመጻፍ አስቴር ብዙ ደክማለች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን በዚያው ፊደል አስተምሯል። ስለዚህ እናንተ እንደኔ በፊደል ያደጋችሁ፣ ልጆቻችሁ በቁቤ የሚማሩ፣ ወይም የአማርኛ መጽሐፋችሁ ለልጅ ልጃችሁ የከበደባት ሁሉ፣ አትራቁ። እኔም በተራዬ ማታ ማታ አማርኛ አነብላታለሁ፤ የፀጋዬን «እሳት ወይ አበባ» ከብዷት እንኳ ድምፁን ወዳዋለች።

ክረምቱን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሞከርኩ። ለእኔ እንግሊዝኛ የመድኃኒት ብልቃጥ ቋንቋ ነበር። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ሐኪም አብርሃም ቨርጊስ የጻፉት «ከቲንግ ፎር ስቶን» የሚጀምረው አዲስ አበባ ባለ የሚስዮን ሆስፒታል፣ ነርስ የሆነች መነኩሲት መንታ ስትወልድ ነው። የማዋለጃ ክፍሉን ሳነብ እጄ ጓንት የሚፈልግ መሰለኝ። ግማሹ ላይ ደርሻለሁ፤ መዝገበ ቃላቱ ከመጽሐፉ በላይ አርጅቷል። በመሀል ከጎረቤት ተውሼ ስለ ንብ እርባታ የምታስተምር ትንሽ መጽሐፍ ጨርሻለሁ። ንብ የለኝም፤ ግን አሁን ማር ስገዛ የምጠይቀውን አውቃለሁ።

የጳጉሜው ቀጭን መጽሐፍ አንድ ደብተር ነው። ክረምቱን ማታ ማታ እናቴ ትነግረኝ የነበረውን ተረት በኦሮምኛ ስነግራት፣ ልጅቷ በቁቤ ስትጽፈው ነበር። ሰባት ተረት። አምስቱን ቀን እሱን አነበብኩ። ሁለት ቦታ «እንዲህ አላልኩም» ብዬ ተከራከርኩ፤ «እንዲህ ይሻላል» አለችኝ።

ሒሳቡ እንዲህ ሆነ፦ ስምንት ተኩል። ልጄ ግን መማሪያውና ደብተሩ አይቆጠሩም ብላ ስድስት ተኩል ላይ አውርዳኛለች። በየትኛውም ሒሳብ 13 አልሞላሁም።

እንደኔ ልትሞክሩ ካሰባችሁ ከልምዴ ጥቂት ልንገራችሁ። ቀጭኑን አስቀድሙ። ቀኑን ሙሉ አትጠብቁ፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት 20 ደቂቃ ይበቃል፤ የእኔ የጠዋት ቡና ከወረደ በኋላ ነው። እስከ 50ኛው ገጽ ያልያዛችሁን መጽሐፍ ተዉት፤ መሐላ የለበትም። ዓይን የከለከላችሁ ልጆች ያንብቡላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከቤታችሁ ውስጥ ሌላው ሰው የሚያነበውንና እናንተ የማታነቡትን መጽሐፍ ፈልጉ። የእኔ የልጅ ልጄ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አንድ ወረቀት ሲሰጣችሁና ሳይገባችሁ ሲቀር ደግሞ «እሺ» አትበሉ። «አንብቢልኝ» በሉ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ልጅቷ ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆሜ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ጣቴን ከፊደሉ ላይ እያስኬድኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የወላጆች ስብሰባ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ነበርኩ።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር እንሰንብት።